ናፍጣ ሲቆጣ

በመሥሪያ ቤት ኮሪደር፣ በአውቶቡስ የፊት ወንበር ሥር፣ በነዳጅ ማደያው ምሰሶ ላይ ቀይ የእሳት ማጥፊያ አይጠፋም። ሁላችንም እናየዋለን፤ ብዙዎቻችን ግን አናስተውለውም። መኖሩን አይተን «አሟልተዋል» እንልና እናልፋለን። እኔ ያደግሁት ግን እሱን ሳይነካ የማያልፍ ሰው ቤት ነው። አባቴ ድሬዳዋ ውስጥ የናፍጣ ሎኮሞቲቭ መካኒክ ነበር። የትም ቦታ ይሁን የእሳት ማጥፊያ ካየ ጎንበስ ብሎ ጌጁን ያነባል፣ ፒኑን በጣቱ ይነካል፣ ቱቦው እንዳልተሰነጠቀ ያያል። እናቴ «ኧረ ሰው ያየናል!» ትለዋለች። እሱም «ይይ! እኔን ያየ እሱንም ያያል» ይላታል።

እርግጥ ነው፣ ዛሬ ከአዲስ አበባ ጅቡቲ የሚሄደው አዲሱ ባቡር በናፍጣ አይሠራም። እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀው መስመር ኤሌክትሪክ ነው። ከጅቡቲ ተነሥቶ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 ደግሞ አዲስ አበባ የደረሰው አሮጌው ሐዲድ ግን ከእንፋሎት በኋላ ለአሥርት ዓመታት የኖረው በናፍጣ ነው። በውጭ አገር ያሉ ወገኖቻችንም በአሜሪካ ረጃጅም መስመሮች፣ በእስራኤልና በአውሮፓ አንዳንድ ሐዲዶች ላይ እስከ ዛሬ በናፍጣ ባቡር ይሳፈራሉ። ደግሞም የናፍጣ ባቡር እሳት ታሪክ የባቡር ታሪክ ብቻ አይደለም። በየሕንፃው ምድር ቤት የሚያጓራው ጀነሬተር የሎኮሞቲቭ ታናሽ ወንድም ነው። ወደ እሱም እመለሳለሁ።

ታጋሹ ነዳጅ

«ቤንዚን ቁጡ ነው፤ ክብሪት ከሩቅ ሲያይ ይነሣል። ናፍጣ ግን ታጋሽ ነው» ይል ነበር አባቴ። «ታጋሽ ሰው ሲቆጣ ደግሞ ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ።»

ነገሩ በሳይንስም ልክ ነው። ቤንዚን ከዜሮ በታች በሆነ ቅዝቃዜ እንኳ ሊቀጣጠል የሚችል ተን ያወጣል። ናፍጣ ይህን የሚያደርገው ከ50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲሞቅ ነው። ስለዚህ በሳህን ላይ የተቀመጠ ቀዝቃዛ ናፍጣ በክብሪት ቶሎ አይያዝም። ብዙ ሰው ናፍጣን የሚንቀውም በዚህ ምክንያት ነው።

ናፍጣ ትዕግሥቱ የሚያልቀው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው ትኩስ ብረት ሲነካ ነው። ከ200 ዲግሪ በላይ የጋለ ብረት ላይ የፈሰሰ ናፍጣ ብልጭታም ክብሪትም ሳያስፈልገው በራሱ ሊቀጣጠል ይችላል። ሙሉ ጭነት እየጎተተ ያለ የሎኮሞቲቭ ሞተር የጭስ መውጫና ተርቦቻርጀሩ ደግሞ ከ400 ዲግሪ በላይ ይግላሉ። ሁለተኛው ናፍጣው እንደ ጉም ሲበተን ነው። በቀጭን ስንጥቅ በኃይል የሚረጭ ናፍጣ እያንዳንዱ ጠብታው በአየር ይከበባል፤ ያኔ ከቤንዚን ብዙም አይለይም።

ለዚህ ነው መካኒኮች ትልቁን ፍሳሽ ሳይሆን ትንሿን የሚፈሩት። ትልቁ ፍሳሽ መሬት ላይ ይታያል። የላላች የነዳጅ ቱቦ ግን ሞተሩ ሲነሣ ብቻ፣ ማንም በማያይበት ቦታ፣ ትኩስ ብረት ላይ እንደ ሽቶ ትረጫለች። ከነዳጁ ሌላ ሎኮሞቲቭ ውስጥ የሞተር ዘይት አለ፣ ጄኔሬተሩና የኤሌክትሪክ ካቢኔቱ አሉ፣ አልለቅ ብሎ ጎማውን እየፋቀ የሚያግለው ፍሬንም አለ። የናፍጣ ሎኮሞቲቭ ማለት በአብዛኛው ናፍጣ አቃጥሎ ኤሌክትሪክ የሚያመርትና በዚያው ኤሌክትሪክ ጎማውን የሚያዞር ተንቀሳቃሽ የኃይል ማመንጫ ነው። ትላልቆቹ የሰሜን አሜሪካ ሎኮሞቲቮች ከ15 ሺህ ሊትር በላይ ነዳጅ ይዘው ይሄዳሉ።

የናፍጣን ቁጣ ዓለም በግልጽ ካየባቸው ቀናት አንዱ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 5 ቀን 1999 ነው። በምዕራብ ለንደን ላድብሮክ ግሮቭ በተባለ ቦታ አንድ የናፍጣ ባቡር ቀይ መብራት አልፎ ከሌላ ፈጣን የናፍጣ ባቡር ጋር ፊት ለፊት ተጋጨ። 31 ሰዎች ሞቱ፤ ከ400 በላይ ቆሰሉ። በግጭቱ የአንደኛው ባቡር የነዳጅ ታንክ ተበጣጠሰና ናፍጣው እንደ ጉም በአየር ተበተነ፤ ወዲያውም ትልቅ የእሳት ኳስ ሆነ። ከፈጣኑ ባቡር ፉርጎዎች አንዱ ሙሉ በሙሉ ነደደ። «ናፍጣ አይፈነዳም» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ይህን ታሪክ ንገሩት።

ባቡር ራሱን የሚጠብቀው እንዴት ነው?

የዘመናዊ ባቡር የእሳት ጥበቃ እንደ ሽንኩርት ድርብርብ ነው። ቀዩ የእሳት ማጥፊያ ከድርብርቦቹ የመጨረሻው እንጂ የመጀመሪያው አይደለም።

የመጀመሪያው ድርብ እሳቱ እንዳይነሣ ማድረግ ነው። የነዳጅ ቱቦዎች ከትኩስ ብረት ይርቃሉ ወይም ይሸፈናሉ። የጭስ መውጫው ሙቀት በሚከላከል ነገር ይጠቀለላል። የሞተሩ ክፍል ከዘይትና ከቆሻሻ ይጸዳል፤ ምክንያቱም ዘይት የጠጣ አቧራና የተረሳ ጨርቅ እንደ ፋኖስ ክር ናቸው። መቀመጫው፣ ምንጣፉና ግድግዳውም ይታሰብባቸዋል። በአውሮፓ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ኢኤን 45545 የተባለ መለኪያ አለ። የባቡር ዕቃ ምን ያህል በቀላሉ እንደሚቀጣጠል ብቻ ሳይሆን ሲቃጠል ምን ያህል ጭስና መርዝ እንደሚያወጣም ይለካል።

ሁለተኛው ድርብ እሳቱን ቶሎ ማወቅ ነው። ሞተሩ ክፍል ውስጥ ሙቀትና ነበልባል የሚለዩ መሣሪያዎች ይገጠማሉ። ከእነዚህ አንዱ ቀላልነቱ ያስደንቃል። ሁለት ሽቦዎች ጎን ለጎን ተጠምዝዘው በፕላስቲክ ተለይተው በሞተሩ ዙሪያ ይዘረጋሉ። ሙቀቱ ከተወሰነ ልክ ሲያልፍ ፕላስቲኩ ይቀልጣል፣ ሽቦዎቹ ይነካካሉ፣ ነጂው ፊት ደወል ይጮኻል። የትም ቦታ ይቅለጥ፣ ሽቦው ይናገራል።

ሦስተኛው እሳቱን ማስራብ ነው። ደወሉ እንደጮኸ ሞተሩ ይቆማል፣ ነዳጁ ይዘጋል፣ አየር የሚነፍሰው ቬንትሌተርም ይጠፋል። እሳት ከሚበላው ነዳጅና ከሚተነፍሰው አየር አንዱን ካጣ ይደክማል። ብዙ ሎኮሞቲቮች ነጂው ክፍል ውስጥና ከውጭም በሁለቱም ጎን ነዳጁን የሚዘጋ የአደጋ ቁልፍ አላቸው፤ ከውጭ ያለ ሰው ሳይገባ እንዲዘጋው።

አራተኛው ማጥፋት ነው። በሞተሩ ክፍል ውስጥ በቧንቧ የተያያዙ ሲሊንደሮች ይገጠሙና በራሳቸው ወይም በነጂው ትእዛዝ ይረጫሉ። ቀድሞ ሃሎን የተባለው ጋዝ ለዚህ ሥራ ተወዳዳሪ አልነበረውም። ሆኖም የኦዞን ሽፋንን ስለሚጎዳ እ.ኤ.አ. በ1987 በተፈረመው የሞንትሪያል ስምምነት መሠረት ምርቱ ቀስ በቀስ ቆመ። ዛሬ በቦታው የደቀቀ የውኃ ጉም፣ አረፋ፣ ሌሎች ጋዞችና በጣም የላሙ ዱቄቶች ይሠራሉ።

በመጨረሻም በእጅ የሚያዘው ቀዩ ሲሊንደር ይመጣል። እሱም ዓይነት አለው። የዱቄቱ ለእንጨትም ለነዳጅም ለኤሌክትሪክም ይሆናል፤ ግን ስለማያቀዘቅዝ የጋለ ብረት እሳቱን መልሶ ሊያስነሣው ይችላል። የካርቦን ዳይኦክሳይዱ የኤሌክትሪክ ካቢኔትን ሳያቆሽሽ ያጠፋል፤ በጠባብ ዝግ ክፍል ውስጥ ግን የሰውንም ትንፋሽ ያሳጣል። አረፋው የሚነድ ነዳጅን እንደ ብርድ ልብስ ይሸፍናል። በሚነድ ናፍጣ ላይ ውኃ በባልዲ መድፋት ግን ነበልባሉን እያንሳፈፈ ማስፋፋት ነው።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ስድስት ኪሎ የሚመዝን የዱቄት ማጥፊያ አንዴ ከተጫነ የሚረጨው ከ15 እስከ 20 ሰከንድ ያህል ብቻ ነው። ይህ የቆሻሻ ቅርጫትን እሳት ያጠፋል፤ የሞተር ክፍልን እሳት ግን አያጠፋም። ስለዚህ ቀዩን ሲሊንደር ማየትና «ደህና ነን» ማለት አይገናኙም።

ነጂው ሳያውቅ

እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 20 ቀን 2002 ሌሊት ከካይሮ ወደ ደቡብ ግብፅ የሚሄድ ባቡር በሦስተኛ ማዕረግ ተሳፋሪዎች ተጨናንቆ ነበር። ወቅቱ የአረፋ በዓል ስለሆነ ሁሉም ለቤተሰቡ ይዞ የሚሄደውን ይዞ ወደየአገሩ ይጓዛል። ባቡሩ አል-አያት የተባለች ከተማ አካባቢ ሲደርስ በአንደኛው ፉርጎ ውስጥ እሳት ተነሣ። መነሻው የምግብ ማብሰያ የጋዝ ምድጃ መሆኑ ተነግሯል።

የአደጋው ክፋት ከዚያ በኋላ ነው። በኋላ ያለው ተሳፋሪ ፊት ላለው ነጂ የሚነግርበት መንገድ አልነበረም። ባቡሩ እየነደደ ኪሎ ሜትሮችን ሄደ። ባቡር ሲሮጥ ደግሞ ነፋሱ እንደ ወናፍ ነው፤ እሳቱን ከፉርጎ ወደ ፉርጎ አጋባው። መስኮቶቹ በብረት ስለታጠሩ በዚያ መውጣት አልተቻለም። ከሚሮጥ ባቡር የዘለሉትም ብዙዎቹ አልተረፉም። ሰባት ፉርጎዎች ነደዱ፤ የሟቾች ቁጥር ከ360 በላይ ነው።

ፓኪስታን ውስጥም እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 31 ቀን 2019 ተዝጋም በተባለው ባቡር ላይ ተመሳሳይ አደጋ ደርሶ ከ70 በላይ ሰዎች ሞተዋል። ባለሥልጣናት ተሳፋሪዎች ቁርስ ሲሠሩበት የነበረ የጋዝ ምድጃ ነው ሲሉ፣ ከተሳፋሪዎቹ አንዳንዶቹ ደግሞ የኤሌክትሪክ ችግር ነው ብለዋል። እዚያም ብዙዎች የሞቱት ከሚሮጥ ባቡር ዘልለው ነው።

እነዚህን ታሪኮች ሳነብ ሞተሩ ላይ የተዘረጋው ውድ መሣሪያ ሁሉ ምንም እንደማይፈይድ እገነዘባለሁ። እሳቱ የተነሣው ሰው ከተቀመጠበት ነው። ያንን ሌሊት ሊያድኑ ይችሉ የነበሩት ሦስት ቀላል ነገሮች ናቸው፤ ነጂው ጋ የሚደርስ ደወል፣ የሚከፈት መስኮት፣ ምድጃና ሲሊንደር አትግባ የሚል ተቆጣጣሪ።

ደወሉ ራሱ ብልሃት ይፈልጋል። በዘመናዊ ባቡር ተሳፋሪ የአደጋ እጀታውን ሲስብ ነጂው ወዲያው ያውቃል፤ ግን ባቡሩ ዋሻ ውስጥ ወይም ድልድይ ላይ ከሆነ ነጂው ፍሬኑን አዘግይቶ ወደሚያወጣ ቦታ ማድረስ ይችላል። የአውሮፓ ደንብ ረጅም ዋሻ የሚያልፍ የመንገደኛ ባቡር እሳት ተነሥቶበትም ለ15 ደቂቃ መሄድ እንዲችል የሚያስገድደው ለዚህ ነው። በአል-አያትም ባቡሩ ሄዷል። ልዩነቱ ያንደኛው ነጂ እያወቀ መሄዱ፣ የሌላኛው ሳያውቅ መሄዱ ነው።

እሳቱ ጠፋ፤ ከተማዋ ነደደች

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን የካናዳው ታሪክ ነው። ምክንያቱም እዚያ እሳት ማጥፋቱ ተሳክቶ ነበር።

እ.ኤ.አ. ጁላይ 5 ቀን 2013 ምሽት በኩቤክ ግዛት ናንት በተባለች መንደር አምስት ሎኮሞቲቮች ያሉትና 72 የድፍድፍ ነዳጅ ታንከሮች የሚጎትት ባቡር ለአዳር ቆመ። ቦታው ዳገት ነው። ብቻውን የነበረው ነጂ ሰባት የእጅ ፍሬኖች አሰረ፤ የሎኮሞቲቮቹንም የአየር ፍሬን ያዘ፤ የፊተኛውን ሎኮሞቲቭ ሞተር ሳያጠፋ ትቶ ለማደር ወደ ከተማ ሄደ። ሞተሩ መሥራት ነበረበት፤ የአየር ፍሬኑን የሚመግበው ኮምፕረሰር የሚዞረው በእሱ ነውና።

ያ ሞተር ከስምንት ወር በፊት ተጠግኖ ነበር። የካናዳ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ በኋላ እንዳረጋገጠው፣ ለጥገናው የገባው ነገር የሚፈለገው ጥንካሬ ያልነበረው ማጣበቂያ ነው። እሱ ሲበላሽ ዘይት ተርቦቻርጀሩ ውስጥ ተጠራቀመ፤ ጋለና ተቀጣጠለ። እኩለ ሌሊት ሊሆን 20 ደቂቃ ሲቀረው አንድ የአካባቢው ነዋሪ እሳት አይቶ ደወለ። የእሳት አደጋ ሠራተኞች መጡ። የነዳጁን የአደጋ ቁልፍ ተጭነው ሞተሩን አጠፉ፤ ሎኮሞቲቩ ውስጥ ያሉትንም የኤሌክትሪክ መቁረጫዎች አወረዱ። እሳቱ ጠፋ። ከኩባንያው የመጣው ሠራተኛ የሐዲድ ባለሙያ እንጂ ሎኮሞቲቭ የሚያውቅ አልነበረም። ሁሉም ተሰናብተው ሄዱ።

ሞተሩ ሲቆም ኮምፕረሰሩም ቆመ። የታመቀው አየር በየመገጣጠሚያው ቀስ በቀስ ሾለከ። ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ገደማ የቀሩት ሰባት የእጅ ፍሬኖች ብቻቸውን መያዝ አቃታቸውና ባቡሩ ያለ ነጂ፣ ያለ መብራት ቁልቁል ተንቀሳቀሰ። 11 ኪሎ ሜትር ከግማሽ ገደማ ወርዶ፣ ፍጥነቱ በሰዓት 104 ኪሎ ሜትር ደርሶ፣ ላክ-ሜጋንቲክ ከተማ መሐል ከሐዲድ ወጣ። ወደ ስድስት ሚሊዮን ሊትር ድፍድፍ ነዳጅ ፈሰሰ። በዚያች ሌሊት 47 ሰዎች ሞቱ፤ 40 ሕንፃዎች ወደሙ።

ቦርዱ ያን ባቡር በቦታው ለመያዝ ቢያንስ 17 የእጅ ፍሬኖች ያስፈልጉ እንደነበር ገምቷል። ነጂው የእጅ ፍሬኖቹን ሲፈትን የሎኮሞቲቮቹን የአየር ፍሬን አልለቀቀም ነበርና የያዘው የትኛው እንደሆነ መለየት አልተቻለም። ቦርዱ በጠቅላላው 18 ምክንያቶችን ዘርዝሯል። የተከሰሱት ሦስት የባቡሩ ኩባንያ ሠራተኞችም እ.ኤ.አ. በ2018 በነፃ ተለቀዋል።

ይህን ታሪክ ያነበብኩ ጊዜ የአባቴ ሕግ ትዝ አለኝ። «ሞተር ከማጥፋትህ በፊት ታኮ አድርግ» ይል ነበር። ዳገት ላይ የቆመ የጭነት መኪና ረዳት ወርዶ ጎማ ሥር ታኮ እንደሚያደርገው ማለት ነው። የእሳት አደጋ ሠራተኞቹ ሥራቸውን በትክክል ሠርተዋል፤ እሳት ያለበትን ሞተር ማጥፋት ተገቢ ነው። የጎደለው «ይህ ሞተር ሲቆም አብሮት የሚቆመው ምንድን ነው?» ብሎ የጠየቀ፣ መልሱንም የሚያውቅ ሰው ነው። እሳት ማጥፋት መጨረሻ አይደለም፤ ካጠፉ በኋላ የሚጠየቅ ጥያቄ አለ።

ጭሱ ይቀድማል

እንግሊዝ ውስጥ ቶንተን አካባቢ እ.ኤ.አ. ጁላይ 6 ቀን 1978 የአልጋ ባቡር ውስጥ 12 መንገደኞች ሞተዋል። መነሻው ኮሪደር ላይ ካለ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ አጠገብ የተከመረ የአልጋ ልብስ ከረጢት ነው። ብዙዎቹን የገደለው ነበልባሉ ሳይሆን በእንቅልፋቸው የተነፈሱት ጭስ ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ የተኛን ሰው አይቀሰቅስም፤ የነቃውንም ሐሳቡን ያደበዝዘዋል።

እስራኤል ውስጥ ደግሞ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 28 ቀን 2010 ሸፋይም አጠገብ አንድ የናፍጣ ባቡር ተቃጥሎ ከ100 በላይ ሰዎች ተጎድተዋል፤ አብዛኞቹን የጎዳቸው ጭሱ ነው። መስኮት ሰብረው የወጡ ነበሩ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ በዚያ አደጋ የሞተ ሰው የለም።

በባቡር ስትጓዙ

ከእነዚህ ሁሉ ታሪኮች ለቤተሰብ የሚሆነውን ልሰብስብ። ልጆች ይዛችሁ ስትሳፈሩ እንደ ጨዋታ አብራችሁ ልታደርጉት ትችላላችሁ።

ስትቀመጡ ሁለት መውጫ ቁጠሩ፤ አንዱ በግራ፣ አንዱ በቀኝ። በጭስ ውስጥ ዓይን አያይም፤ «ሦስት ወንበር ካለፍን በር አለ» የሚለው ቁጥር ግን ያያል። የአደጋ እጀታውና የመስኮት መስበሪያው መዶሻ የት እንዳሉ ለልጆቹ አሳዩ፤ ካልተቸገሩ እንዳይነኩም አስጠንቅቁ።

የምግብ ማብሰያ፣ የጋዝ ሲሊንደር፣ በጀሪካን የተያዘ ነዳጅ ይዞ መሳፈር የራስን ብቻ ሳይሆን የባቡሩን ሕይወት ሁሉ ማስያዝ ነው። «ትንሽ ናት፣ አላበራትም» የሚል ሰው አጠገባችሁ ካለ አትፈሩት፤ ተቆጣጣሪውን ጥሩ።

እሳት ወይም ጭስ ካያችሁ እጀታውን ሳቡ፣ ወደሚቀጥለው ፉርጎ ተሻገሩ፣ መሐል ያለውን በር ዝጉ። የተዘጋ በር ደቂቃዎችን ይገዛል። ጎንበስ ብላችሁ ሂዱ፤ ንጹሕ አየር ያለው ወደ ወለሉ ነው። ሻንጣውን ተዉት። ባቡሩ ሳይቆም አትዝለሉ። ቆሞ ስትወርዱም ሌላ ባቡር በሚያልፍበት ሐዲድ በኩል አትውረዱ።

የእኛው አዲሱ መስመር ላይ ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ አለ። ከባቡሩ በላይ የተዘረጋው ሽቦ 25 ሺህ ቮልት ይሸከማል። የተበጠሰና የወደቀ ሽቦ ካያችሁ አትቅረቡ፤ ኃይሉ መቋረጡ ሳይረጋገጥ ውኃ የሚረጭም ሰው አይኑር።

ምድር ቤት ያለው ሎኮሞቲቭ

አሁን ወደ ጀነሬተሩ ልመለስ። መብራት ሲጠፋ በየሕንፃችን የሚነሣው ጀነሬተር ናፍጣ አለው፣ የጋለ ማርሚታ አለው፣ ቱቦ አለው፣ ኤሌክትሪክ አለው። ሎኮሞቲቭ ያለው ሁሉ አለው፤ የሌለው ሙቀት የሚለይ ሽቦና ንቁ ነጂ ነው። በእኛ ሕንፃ ጀነሬተር ክፍል ውስጥ ያየሁትን ልንገራችሁ፤ ካርቶን፣ አሮጌ ፍራሽ፣ የቀለም ቆርቆሮ፣ ሁለት ጀሪካን ናፍጣ። ማንም ክፉ አስቦ አላስቀመጠውም፤ ቦታው ባዶ ስለሆነ ነው። የጽዳት ሠራተኛዋና ጥበቃው ሊያወጡት ፈልገው «ባለቤቱ ይቆጣል» ብለው እንደፈሩ ነገሩኝ። በሚቀጥለው የነዋሪዎች ስብሰባ አነሣሁት፤ በማግሥቱ ክፍሉ ጸዳ። ማንም አልተቆጣም።

እናንተም ይህን አድርጉ። የጀነሬተሩ ክፍል ውስጥ ከጀነሬተሩ በቀር ምንም አይኑር። ናፍጣ የሚሞላው ሞተሩ ጠፍቶ፣ ቀዝቅዞ ነው። ጭሱ የሚወጣው ወደ ውጭ እንጂ ወደ ደረጃው እንዳይሆን ተመልከቱ። ነዳጁ ከየት እንደሚዘጋ ከጥበቃው ሌላ ቢያንስ አንድ ሰው ይወቅ። የካናዳውንም ጥያቄ ጠይቁ፤ ይህ ሞተር በድንገት ቢቆም አብሮት የሚቆመው ምንድን ነው? ሊፍት ውስጥ ሰው አለ? ኦክስጅን በማሽን የሚተነፍስ ታማሚ ያለበት ቤት አለ?

ቀዩን ሲሊንደር በወር አንድ ጊዜ እዩት። የጌጁ ቀስት አረንጓዴው ላይ ይሁን። ፒኑና ማኅተሙ በቦታቸው ይሁኑ። የመጨረሻ ምርመራው መቼ እንደተደረገ ወረቀቱን አንብቡ። ሲሊንደሩ ከበሩ አጠገብ፣ እጅ በቀላሉ በሚደርስበት ይሰቀል እንጂ እሳቱ ከሚነሣበት ነገር ጀርባ አይሁን።

አጠቃቀሙም አራት እርምጃ ነው። ፒኑን ንቀሉ። አፉን ወደ ነበልባሉ ጫፍ ሳይሆን ወደ እሳቱ ሥር አነጣጥሩ። እጀታውን ጨምቁ። ከግራ ወደ ቀኝ እያወዛወዛችሁ እርጩ። ይህን ስታደርጉ መውጫው በር ከጀርባችሁ ይሁን፤ እሳቱ በእናንተና በበሩ መካከል እንዲገባ አትፍቀዱ። ሲሊንደሩ አልቆ እሳቱ ካልጠፋ፣ ወይም ጭሱ ከበዛ፣ ጀግንነቱን ትታችሁ ውጡ፤ በሩን ዝጉ፤ አዲስ አበባ ከሆናችሁ 939 ደውሉ። እንዲያውም መደወሉ ከመርጨቱ ቢቀድም ይሻላል። ሁለት ሰው ካለ አንዱ ይደውል፣ አንዱ ይርጭ።

አባቴ ጡረታ ወጥቶም ልማዱን አልተወም። አንድ ቀን ለምን እንዲህ እንደሚጨነቅ ስጠይቀው የመለሰልኝ አጭር ነበር፦ «እሳት ማጥፊያ የሚፈተሸው እሳት በሌለበት ቀን ነው።» ዛሬ እሳት የሌለበት ቀን ነው። ጋዜጣውን ስታስቀምጡ ቤታችሁ ወይም ሕንፃችሁ ውስጥ ያለውን ቀይ ሲሊንደር ፈልጉና ቀስቱ የት እንደቆመ እዩ። ከልጆቻችሁ አንዱን ይዛችሁ ብትሄዱ ደግሞ የበለጠ ነው።